ጂኒ የሚባለው ቁጥር እና ከጀርባው ያለው ሰውዬ

«ጂኒ» ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? እኛ አገር ጂኒ ማለት ሰው ላይ የሚሰፍር መንፈስ ነው። ስለዚህ የኢኮኖሚ ዜና ስታነቡ የአገራችን ጂኒ 35 ነው የሚል ነገር አጋጥሟችሁ ግራ ከተጋባችሁ አይፈረድባችሁም።

ይሄኛው ጂኒ ግን የሰው ስም ነው። ሙሉ ስሙ ኮራዶ ጂኒ ይባላል፤ ጣሊያናዊ ነው። ዛሬ የዓለም ባንክ ሪፖርት ሲያወጣ፣ ተቃዋሚ ፓርቲ መንግሥትን ሲተች፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ፣ ሀብታምና ድሃ ምን ያህል እንደተራራቁ ለማሳየት የሚጠቅሱት ቁጥር የእሱ ሥራ ነው።

ሰውዬው ለድሃ የቆመ ታጋይ ይመስላችሁ ይሆናል። አልነበረም። እንዲያውም የሙሶሊኒን አገዛዝ በሙያው ያገለገለ ምሁር ነበር። ሙሶሊኒ ለእኛ ማን እንደሆነ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት እናወጋችኋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባለርስቱ ልጅ

ጂኒ የተወለደው ሜይ 23 ቀን 1884 ነው። የትውልድ ቦታው ሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ ትሬቪዞ አጠገብ ያለች ሞታ ዲ ሊቬንዛ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ቤተሰቡ ከድሮ ጀምሮ መሬት ያለው፣ የተከበረ ቤተሰብ ነበር።

ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ አጠና። ግን ሕግ ብቻ አላረካውም፤ ሂሳብ፣ ኢኮኖሚክስና ባዮሎጂም ተማረ። በ1905 ሲመረቅ የመመረቂያ ሥራው ስለ ሕግ አልነበረም። ሰዎች ወንድ ወይም ሴት ልጅ የሚወልዱበትን ሁኔታ በስታቲስቲክስ መነጽር ነው የመረመረው። ሥራው በ1908 በመጽሐፍ ታተመ።

ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። በ1910፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ሳርዲኒያ ደሴት ላይ ባለው የካልያሪ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰርነት ወንበር ያዘ። በ1913 ወደ ፓዶቫ ተዛወረ። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለትን ሥራ የሠራው በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

አማካይ የሚባለው ውሸታም

ሥራውን ለመረዳት እስቲ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ አምስት ጓደኛሞችን እናስብ። አንዷ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ናት፤ በወር 2,000 ብር ታገኛለች። ሁለተኛው ጥበቃ ነው፤ 4,000። ሦስተኛዋ ሱፐርማርኬት ካሸር ናት፤ 6,000። አራተኛው አስተማሪ ነው፤ 8,000። አምስተኛው ሶፍትዌር ይሠራል፤ 30,000።

ሲደመር 50,000 ብር ነው። ለአምስት ሲካፈል አማካዩ 10,000 ይሆናል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ የዚህ ግቢ ሰው አማካይ ገቢ 10,000 ብር ነው ቢላችሁ አልዋሸም። ግን ከአምስቱ አራቱ 10,000 ብር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም።

የአገር ገቢ በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ደረሰ የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን የት ሄዶ ነው ታዲያ የምንለው ለዚህ ነው። አማካይ ስንት ብር እንዳለ እንጂ በማን ኪስ እንዳለ አይናገርም።

ጂኒ ከመምጣቱ በፊት ይህን ጥያቄ የነኩ ሰዎች ነበሩ። የአገሩ ልጅ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በ1890ዎቹ ከእንግሊዝ እስከ ፔሩ ያሉ የገቢና የግብር መረጃዎችን ሰብስቦ፣ ጥቂቶች ብዙውን የሚይዙበት አደላደል በየአገሩና በየዘመኑ ተመሳሳይ መልክ አለው ብሎ ደመደመ። የፓሬቶ ቀመር ችግሩ ከተወሰነ ገቢ በላይ ላሉት ሰዎች እንጂ ለታችኛው ሕዝብ ብዙም የማይሠራ መሆኑ ነው።

በ1905 ደግሞ ማክስ ሎሬንዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ ገና የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ ነገሩን በሥዕል አሳየ። ሰዎችን ከድሃ ወደ ሀብታም አሰልፉ። ከዚያ የታችኛዎቹ 20 በመቶ ሰዎች ከጠቅላላው ገቢ ስንት እጅ እንዳላቸው፣ 40 በመቶዎቹ ስንት፣ እያላችሁ እስከ 100 ድረስ በነጥብ ምልክት አድርጉ። በኛ ግቢ አስተናጋጇ ከጠቅላላው 4 በመቶ አላት። እሷና ጥበቃው አንድ ላይ 12 በመቶ። ካሸሯ ስትጨመር 24። አስተማሪው ሲጨመር 40። ቀሪው 60 በመቶ የአንድ ሰው ነው።

ሁሉም እኩል ቢሆን ነጥቦቹ ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ይሠሩ ነበር። ልዩነት ሲኖር ግን መስመሩ ወደ ታች ይጎብጣል። ሥዕሉ ልክ ደጋን ይመስላል፤ ቀጥ ያለው መስመር ጅማቱ፣ የጎበጠው እንጨቱ። ደጋኑ በጎበጠ ቁጥር ልዩነቱ ሰፍቷል ማለት ነው።

ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ግን የሁለት አገሮችን ደጋን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በምን ያህል እንደሚበልጥ ለመናገር ቁጥር ያስፈልጋል። ጂኒ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር

በ1912 ባሳተመው ሥራ ጂኒ ቀላል የሚመስል ነገር አሰበ። ሰዎች ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቁ ከመለካት ይልቅ፣ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተራራቁ ለምን አንለካም? እስቲ አብረን እንሥራው።

በግቢው ውስጥ ሁለት ሁለት ሰው እያደረግን ብናወዳድር አስር ጥንዶች እናገኛለን። በአስተናጋጇና በጥበቃው መካከል ያለው ልዩነት 2,000 ብር ነው። በአስተናጋጇና በሶፍትዌር ሠራተኛው መካከል 28,000። እንዲህ እያልን አስሩንም ልዩነት ስንደምር 120,000 ይመጣል። ለአስር ስናካፍለው 12,000። ማለትም ከግቢው ሁለት ሰው በዕጣ ብታወጡ ገቢያቸው በአማካይ በ12,000 ብር ይለያያል። አሁን ይህን የአማካዩ እጥፍ ለሆነው ለ20,000 አካፍሉት። 0.6 ይመጣል።

ይሄ ነው የጂኒ ቁጥር። አለቀ።

አምስቱም 10,000 10,000 ቢያገኙ ልዩነት ስለሌለ መልሱ 0 ይሆናል። 50,000ው በሙሉ ለአንድ ሰው ሄዶ አራቱ ባዶ እጃቸውን ቢቀሩ ደግሞ መልሱ 1 ይሆናል። (ራሳችሁ ሞክሩት፤ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ።) የየትኛውም አገር ቁጥር በ0 እና በ1 መካከል ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ለንባብ እንዲመች በ100 ተባዝቶ ነው የሚጻፈው።

በ1914 ደግሞ ይህ ቁጥር ከሎሬንዝ ደጋን ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። በጅማቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከሙሉው ሦስት ማዕዘን ስንት እጅ እንደሆነ ብትለኩ ወደዚያው ቁጥር ትደርሳላችሁ። እንደኛ ግቢ አምስት ሰው ብቻ ሲሆን ሁለቱ አቆጣጠሮች ይለያያሉ፤ ለአገር ሕዝብ ሲሆን ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። እሱ ራሱ «የክምችት መጠን» ነው ያለው። በጂኒ ስም መጠራት የጀመረው በኋላ ነው።

በ1920 ሂዩ ዳልተን የተባለ እንግሊዛዊ፣ ኋላ የአገሩ ገንዘብ ሚኒስትር የሆነው፣ ስለ ገቢ ልዩነት አለካክ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የዳልተን ሐሳብ የገቢ ልዩነት የሚያሳስበን በሰው ኑሮ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው የሚል ነበር። ጂኒ በሚቀጥለው ዓመት መልስ ጻፈ። ጣሊያኖች ይህን ጥያቄ ቀድመው እንደሠሩበት አስታወሰ። ከዚያም የእነሱ መለኪያ የገቢንና የሀብትን መራራቅ ብቻ እንደሚለካ፣ ስለ ሰዎች ደኅንነትና ደስታ ምንም እንደማይል አስረዳ።

ይህቺን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ መጨረሻ እንመለስባታለን። ቁጥሩን የሠራው ሰው ራሱ ቁጥሩ ርቀትን እንጂ ችግርን እንደማይለካ ተናግሯል።

ከዱቼ ጎን

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል እንግባ።

ጂኒ ስለ ሕዝቦች አንድ ንድፈ ሐሳብ ነበረው። በእሱ አመለካከት ሕዝብ እንደ ሰው ይወለዳል፣ ይጎረምሳል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ወጣት ሕዝብ ብዙ ይወልዳል፣ ይስፋፋል። ያረጀ ሕዝብ ልጅ መውለድ ያቆማል፣ ይከስማል። ይህ አስተሳሰብ ጣሊያንን ወጣትና መሬት የጠበባት አገር አድርጎ ማሳየት ለፈለገ መንግሥት እንዴት እንደሚጣፍጥ መገመት አያቅትም።

በ1925 ጂኒ የፋሺስት ምሁራንን መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሆነ። በ1926 የጣሊያን ማዕከላዊ የስታቲስቲክስ ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነበር፤ ተጠሪነቱም በቀጥታ ለሙሶሊኒ። በ1927 ደግሞ አንድ የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ላይ ፋሺዝም ሳይንሳዊ መሠረት እንዳለው የሚከራከር ጽሑፍ አወጣ። ተገዶ ነው እንዳንል፣ ለውጭ አንባቢ በራሱ ስም የጻፈው ነው።

በዚያው ጊዜ ሙሶሊኒ ጣሊያኖች እንዲዋለዱ ዘመቻ ላይ ነበር። ከ25 እስከ 65 ዓመት ያሉ ወንደላጤዎች ላይ ሳይቀር ግብር ተጣለ። (አዎ፣ ባለማግባታችሁ ግብር ትከፍላላችሁ ማለት ነው።) ለእንዲህ ዓይነቱ ፖሊሲ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን የሚቆጥረው ተቋም ደግሞ የጂኒ ነበር። የ1931ዱ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በእሱ አመራር ነው።

ግን ጂኒ ለሰው የሚታዘዝ ባሕርይ አልነበረውም። መንግሥት በሥራው ጣልቃ ሲገባበት አለመግባባቱ ከረረና በ1932 ከተቋሙ ለቀቀ። ከቢሮው ወጣ እንጂ አገዛዙን አልተቃወመም። የጣሊያን የጄኔቲክስና የዩጄኒክስ ማኅበርን መርቷል። ተነጥለው የሚኖሩ ማኅበረሰቦችን እናጥና ብሎም ወደ ፍልስጥኤም ሳምራውያን፣ ወደ ሊቢያ በረሃና ወደ ሜክሲኮ ተመራማሪዎች አሰማርቷል።

1936

ኦክቶበር 1935 ላይ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደ። ሜይ 1936 ላይ አዲስ አበባ ተያዘች። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ይናገራል።

ጂኒ ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ አላልንም፤ ተኩሶ ሰው ገደለም አንልም። ግን ለወረራው የተሰጠው አንዱ ምክንያት የጣሊያን ሕዝብ በዝቷል፣ መሬት ያስፈልገዋል የሚል ነበር። ወጣት ሕዝብ ይስፋፋል የሚለውን ሐሳብ ለዓመታት የሳይንስ ካባ ሲያለብሱ ከነበሩት ምሁራን አንዱ ደግሞ እሱ ነው።

ያ ዓመት ለጂኒ የክብር ዓመት ነበር። ሮም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስታቲስቲክስ ፋኩልቲ ተከፍቶ በእሱ አመራር ሥራ ጀመረ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም በዚያው በ1936 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። አዲስ አበባ በተያዘችበት ዓመት መሆኑ ነው። ዓለም ያን ጊዜ እኛን እንዴት ያየን እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ከጦርነቱ በኋላ

ፋሺዝም ወደቀ። ጂኒ ስለ ቀድሞ ሥራው ምርመራ ገጥሞት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ወደ ማስተማሩ ተመለሰ።

በዚያ ወቅት ያደረገው ነገር ያስቃል። በ1944 ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ የፖለቲካ ንቅናቄ መሠረተ። ዓላማው ጣሊያን የአሜሪካ ግዛት እንድትሆን ነበር! ትናንት ስለ ጣሊያን ታላቅነት ሲሰብክ የነበረ ሰው። ንቅናቄው በ1946ቱ ምርጫ አንዲት ወንበር አገኘና ብዙም ሳይቆይ ጠፋ።

በ1962፣ ወደ 80 ዓመቱ ሲጠጋ ደግሞ፣ በሂማላያ ተራሮች ይኖራል እንደሚባለው የቲ ያሉ ጸጉራም ሰው መሰል ፍጡሮችን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አቋቋመ። አንጎሉ አላርፍም ያለ ሰው ነበር።

በ1920 የመሠረተውን ሜትሮን የተባለ የስታቲስቲክስ መጽሔት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ መራ። ከ800 በላይ ጽሑፎችን ትቶ ማርች 13 ቀን 1965 ሮም ውስጥ አረፈ። ዓለም ከዚያ ሁሉ ያስታወሰለት አንዲት ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ታዲያ ፋሺስት የሠራውን መለኪያ መጠቀም አለብን? የኛ መልስ አዎ ነው። ሜትር የሚለካው የጨርቁን ርዝመት እንጂ የልብስ ሰፊውን ጠባይ አይደለም። የጂኒ ቀመር ጣሊያናዊና ኢትዮጵያዊ፣ ጌታና ሎሌ ብሎ አይለይም፤ እያንዳንዱን ሰው አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ሰዎችን በደረጃ ሲከፋፍል ለኖረ አገዛዝ የሠራ ሰው እንዲህ ያለ ቀመር ትቶ መሄዱ ይገርማል።

ግን ሜትሩን የያዘ ሰው ምን እየለካ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ወደ ግቢያችን እንመለስ።

የአምስቱም ደሞዝ በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ እንበል። አስተናጋጇ 4,000፣ ሶፍትዌር ሠራተኛው 60,000። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከ28,000 ወደ 56,000 ብር ዘለለ። የጂኒ ቁጥርስ? ያው 0.6 ነው። ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሀል የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋም እጥፍ ከሆነ አስተናጋጇ ምንም አላገኘችም። ቁጥሩ ይህንንም አይነግራችሁም።

በተቃራኒው አምስቱም 2,000 2,000 ብር ብቻ ቢያገኙ ጂኒው 0 ይሆናል፤ ፍጹም እኩልነት። ሁሉም ግን ወር አይደርሱም። ዝቅተኛ ጂኒ ማለት ጥሩ ኑሮ ማለት አይደለም። ሰውዬው ለዳልተን የመለሰው ይህንኑ ነው።

አሁን የአገሮችን ቁጥር ስታዩ ትርጉም ይሰጣችኋል። ደቡብ አፍሪካ በ2014 63 ነበረች፤ በዓለም ላይ ከተለኩት ከፍተኛዎቹ አንዱ። አሜሪካ 40 አካባቢ ናት። እንደ ስሎቫኪያ ያሉት 25 አካባቢ። ለኢትዮጵያ በ2015/16ቱ የቤተሰብ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የዓለም ባንክ ያወጣው 35 ነው። ከአሜሪካ ያነሰ! እና ከአሜሪካ ይሻለናል ማለት ነው? እንዳልሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። የእኛው ጥናት የሚለካው ሰው ያገኘውን ሳይሆን ያወጣውን፣ ማለትም የበላውን፣ የለበሰውን፣ የከፈለውን ነው። ሀብታም ሰው ያገኘውን ሁሉ አያጠፋም፤ ይቆጥባል፣ መሬትና ሕንፃ ይገዛል። ስለዚህ በወጪ የተለካ ልዩነት በገቢ ከተለካው ብዙ ጊዜ አንሶ ይታያል። መረጃ ሰብሳቢ በር ሲያንኳኳ ደግሞ ከትልቁ አጥር ጀርባ ያለው ሰው ሁልጊዜ አይከፍትም።

ስለዚህ ከዛሬ በኋላ ይህ ቁጥር ዜና ላይ ሲመጣባችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የተለካው ገቢ ነው ወይስ ወጪ? ከየትኛው ዓመት ጋር ነው የተወዳደረው? ከሁሉም በታች ያለው ሰው ስንት ብር አለው? ሦስተኛውን ጂኒ ራሱ አይመልስላችሁም። ግቢው ውስጥ ገብቶ አስተናጋጇን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እናንተስ ከአምስቱ ጓደኛሞች ለየትኛው ትቀርባላችሁ? የደሞዛችሁን ልክ ሳይሆን ቦታችሁን ብቻ ጻፉልን።